ሥራ ባለበት አገር ሥራ መጠበቅ

ፍራንክፈርት ውስጥ በዳቦ ቤቱ፣ በምግብ ቤቱ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያው በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ማየት ከተለመደ ቆይቷል። የጀርመን ፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ሰው የጠፋባቸውን ሙያዎች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣል፤ ነርስ፣ የከባድ መኪና ሾፌርና ኤሌክትሪሺያን ከዝርዝሩ ጠፍተው አያውቁም ማለት ይቻላል። በዚያው ከተማ፣ አንዳንዴም በዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ጉልበቱም ዕውቀቱም ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ የእኛ አገር ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ቋንቋው ያልገባቸውን ወገኖች ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ደሞዝ የሚከፈለኝ ሥራዬ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ሰው ስለሚጠራኝ የምሄደው ነው። ስለ አውሮፓ የሥራ ገበያ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው የሥራ እጥረትን ወይም ዘረኝነትን ነው። ሁለቱም አሉ፤ ዘረኝነቱን ዝቅ ብዬ አነሣዋለሁ። እኔ ግን በዓይኔ ሰውን ሲሰብር ያየሁት መጠበቅ ነው። ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት የሌለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይናደዳል። በሁለተኛው ያፍራል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው፤ ከዝምታው ለማውጣት ደግሞ ሥራ ማግኘቱ ብቻ አይበቃም።

የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች በ2021 ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ላይ ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 64 ከሆነው ሰዎች 78 በመቶው ሥራ ላይ እንዲሆን ግብ ይዘዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2024 ቁጥሩ 76 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። በወረቀት ሲታይ ብዙ አልቀረም። የቀሩት ጥቂት በመቶዎች ግን እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ መልሱ አያስደስትም፦ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች፣ ከሌላ አኅጉር የመጡ። እስካሁን የተሠራው ቀላሉ ክፍል ነበር።

የማውቀውን ልናገርና ከነርሶቹ ልጀምር።

አንዲት ልጅ አለች። አገር ቤት በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቃ ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች፤ ማዋለጃ ክፍል ሌሊቱን ቆማ አድራለች፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪም እስኪመጣ ሰው ይዛ ቆይታለች። እዚህ የነርስነት ሥራ በሕግ የተጠበቀ ሙያ ስለሆነ መሥራት የሚቻለው ሥልጠናው ከጀርመኑ ጋር ተመዝኖ እኩል ነው ከተባለ ብቻ ነው። የጀርመኑ ሥልጠና ሦስት ዓመት ሲሆን ቢያንስ 2,100 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለው። የእሷ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አራት ዓመት ነው። ቢሆንም ሚዛኑ የሚመዝነው ዓመቱን ሳይሆን እያንዳንዱ ትምህርት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ነው፤ ያንን የሚዘረዝር ወረቀት ከተማረችበት ተቋም ማውጣት፣ መሐላ በፈጸመ አስተርጓሚ ማስተርጎም፣ መላክ፣ መጠበቅ። ከዚያ «ይህ ይህ ይጎድላል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ የማሟያ ሥልጠና መውሰድ ወይም ለዕውቀት ፈተና መቀመጥ። በዚህ ሁሉ ላይ የጀርመንኛ ቢ2 ደረጃ (ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው) አለ።

እስከዚያው በረዳትነት ትሠራለች። ታካሚ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፤ ክቡር ሥራ ነው፣ እሷም አትንቀውም። መርፌ መውጋት ግን አይፈቀድላትም። አንድ ቀን ከቢሮ ስንወጣ «እትዬ፣ እጄ እየረሳ ነው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ስጠይቃት፣ በልምድ የሚገኘውን የደም ሥር በጣት ዳስሶ የማግኘትን ነገር ነገረችኝ። ካልተነካ ይጠፋል አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ2005 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሙያ ዕውቅና መመሪያ ሰባት ሙያዎችን ያለ ምዘና በቀጥታ ያሳልፋል፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የእንስሳት ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና አርክቴክት። ቡካሬስት ወይም ሊዝበን የተማረች ነርስ የትምህርቷ ዝርዝር ሰዓት በሰዓት አይቆጠርባትም፤ አባል አገሮቹ በጋራ የተስማሙበት ዝቅተኛ መስፈርት ስላለ ወረቀቷ ይበቃል። ጎንደር ወይም ጅማ የተማረችው ግን ከዜሮ ትጀምራለች። ይህን ስል ፈተናው ይቅር እያልኩ አይደለም። አልጋው ላይ የተኛችው እናቴ ብትሆን መድኃኒት የምትሰጣት ነርስ መለያውን በትክክል እንድታነብ፣ ከሐኪሙ ጋር እንድትግባባ እፈልጋለሁ። የሚያንገበግበኝ ፈተናው አይደለም፤ ወደ ፈተናው ለመድረስ የሚጠፋው ጊዜ ነው። አንድ ሰው ምን እንደሚችል ቆሞ በማየት በጥቂት ሳምንታት ሊታወቅ የሚችለውን ነገር ወረቀት በማመሳከር ዓመት እንፈጅበታለን።

ጀርመን በዚህ በኩል ምንም አልሠራችም ቢባል ውሸት ይሆናል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዕውቅና ሕግ ማንኛውም ሰው፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን፣ በውጭ አገር የተማረውን ሙያ የማስመዘን መብት እንዲኖረው አድርጓል። ሕጉ ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ ውሳኔው በሦስት ወር እንዲሰጥ ይላል። ችግሩ ያለው «ከተሟላ» የምትለው ላይ ነው። ደግሞም ነርስነትን የመሰሉ ሙያዎች የሚመዘኑት በየክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን ስለሆነና ጀርመን 16 ክፍለ ግዛቶች ስላሏት፣ አንዱ ጋ የሚበቃ ወረቀት ሌላው ጋ ላይበቃ ይችላል።

ለእኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። የትምህርት ማስረጃችን ላይ ያለው ዓመት አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር 2008 ዓ.ም. ተመርቆ፣ የትውልድ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈበት ፓስፖርት የያዘ ሰው የተመረቀበትና የተወለደበት ዓመት እንዳይገናኝ ሆኖ ይታያል፤ ፋይሉን የያዘው ሰው ቀን አቆጣጠራችን በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለይ ከየት ያውቃል? ስማችንም እንዲሁ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ዲግሪው ላይ በሦስት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት፣ ያውም ፊደሉ በተለያየ መንገድ ተጽፎ። አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ጦርነት ያቃጠለው መዝገብ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ማን ትራንስክሪፕት ይላክ?

ለዚህ የሚሆን መልስ በሕጉ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በእጅ ሙያ የሠለጠነ ሰው ወረቀቱ ከጠፋበት ችሎታው በተግባር እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ብየዳ የሚችል ሰው ባለሙያ ፊት ቆሞ ይበይዳል፣ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ የታየው ይመዘገባል። ይህን መንገድ ሄዶ ዕውቅና ያገኘ አንድ ጎልማሳ አውቃለሁ። ያን ዕለት ስለ ወረቀቱ አልነበረም የነገረኝ፤ ፈታኙ እጁን ሲያይ ቆይቶ ሙያውን ከየት እንደተማረ በአክብሮት እንደጠየቀው ነው። ስዊድን ከ2015 ጀምሮ በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት ስምምነት ፈጣን መንገድ የሚሉትን አሠራር ስትጀምር ሐሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ሰው ለጠፋባቸው ሙያዎች ቶሎ መዝኖ፣ ቋንቋውን ከሥራው ጋር አያይዞ ማስተማር። ይህ አካሄድ በየአገሩ በጥቂት ሙያ ብቻ ታጥሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ ወረቀት ወደሌላቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ወደሚጠብቁት።

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጀርመን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሥራት አይችልም። በመቀበያ ጣቢያ ካለ ክልከላው እስከ ስድስት ወር ይሄዳል፤ እስከ 2024 መጀመሪያ ለብዙዎች ዘጠኝ ወር ነበር። ከዚያም በኋላ ለእያንዳንዱ ሥራ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሠሪው ነገ እንዲጀምርለት ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። ይህን ስንቴ እንዳየሁት!

«ነጋቲቭ» የመጣበት ደግሞ የባሰ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ግን በልዩ ልዩ ምክንያት መባረር የማይቻል ሰው ዱልዱንግ የሚባለውን ወረቀት ይይዛል፤ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ ነው። ሦስት ወር ብቻ የሚል ወረቀት የያዘን ሰው ማን ይቀጥራል? ማንስ የሦስት ዓመት ሥልጠና ይሰጠዋል? በ2016 የወጣው የውህደት ሕግ ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አመጣ። ዱልዱንግ የያዘ ወጣት አውስቢልዱንግ (በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና) ካገኘ ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ፣ በተለምዶ ሦስት ዓመት፣ ከዚያም በሙያው ተቀጥሮ ሲሠራ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ተፈቀደ። «ሦስት ሲደመር ሁለት» ይሉታል። ሕጉን ከገፉት መካከል አሠሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ያሠለጠኑትን ልጅ ፖሊስ መጥቶ እንዳይወስድባቸው።

አውስቢልዱንግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጀርመን ለሌላው ዓለም ይትረፍ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት፣ የቀሩት ቀኖች ሥራ ቦታ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደሞዝ። ከሦስት መቶ በላይ ሙያዎች በዚህ መንገድ ይሰጣሉ፤ ጸጉር አስተካካይ፣ የባቡር ቴክኒሻን፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጋጋሪ። የእኛ ወላጆች ግን ብዙ ጊዜ አይወዱትም። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይግባ እንጂ ቱቦ ሊጠግን ነው ወይ?» የሚሉ አባት አጋጥመውኛል። ስሜታቸው ይገባኛል፤ አገር ቤት ድህነትን ያሸነፈው ዲግሪ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የገባ ወጣት በሥራ ቦታው ቋንቋ ያገኛል፣ የሚያውቁት ሰዎች ያገኛል፣ ስሙን የሚጠራ አለቃ ያገኛል። እዚህ አገር የሚያውቁት ሰው ሳይኖር ሥራ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ልጁ የሚያጣው ጊዜ የለም፤ እየተማረ እየሠራ ነው።

ይህ ወደ ትልቁ ክርክር ይወስደኛል፦ መጀመሪያ ቋንቋ ወይስ መጀመሪያ ሥራ?

የጀርመን ባህል «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ከሚለው አባባላችን ጋር ይስማማል። ኩርስ፣ ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ሥራ። በማርች 2022 ከዩክሬን የሚመጡ ሰዎች በብዛት ሲገቡ የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ ተጽፎ ያልተሠራበትን ጊዜያዊ ጥበቃ የሚባል መመሪያ አነቃቃ፤ እነዚህ ሰዎች ያለ ጥገኝነት ማመልከቻ የመሥራት መብት አገኙ። አንድ ዓይነት መብት፣ አንድ ዓይነት ሰዎች፣ የተለያዩ አገሮች፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ለማየት እንዲህ ያለ አጋጣሚ አይገኝም። ኔዘርላንድስ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ አሠሪው ማሳወቅ ብቻ እንዲበቃው አደረገች፤ የሥራ ፈቃድ አያስፈልግም። ዴንማርክም፣ መመሪያው ባይመለከታትም፣ ተመሳሳይ የራሷን ሕግ አውጥታ ሰዎቹን ቶሎ ወደ ሥራ ገፋች። ጀርመን ኩርስ አስቀደመች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሥራ የያዙት ዩክሬናውያን ድርሻ በዴንማርክና በኔዘርላንድስ ከጀርመኑ በግልጽ ይበልጥ ነበር። በኦክቶበር 2023 የጀርመኑ የሥራ ሚኒስትር ሁበርቱስ ሃይል «የሥራ ቱርቦ» የተባለውን ዘመቻ ጀመሩ፤ መሠረታዊ ኩርስ የጨረሰ ሰው ቶሎ ይቀጠር፣ ቀሪውን ቋንቋ እየሠራ ይማር የሚል ነበር።

በሌላ በኩል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚል አባባልም አለን። ቶሎ የተገኘው ሥራ ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ፣ ጽዳት፣ በአገናኝ ኤጀንሲ በኩል የሚገኝ የጥቂት ወር ሥራ ነው። መሐንዲሷ ካርቶን ስታጥፍ ዓመት ካለፋት፣ ከዚያ መውጣት ኩርስ ከመጨረስ ይከብዳል። ስለዚህ እኔ ከሁለቱ አንዱን አልመርጥም። ሰውየው ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ኩርስ የሚሄድበት፣ አሠሪውም ለኩርሱ ሰዓት የሚሰጥበት፣ መንግሥትም ለዚያ ሰዓት የሚከፍልበት መንገድ ይሻላል። ውድ ነው ይላሉ። አንድ ቤተሰብ በሶሻል፣ ማለትም በመንግሥት ድጎማ፣ አራት ዓመት ሲቀመጥ ስንት እንደሚያስወጣ ያሰሉ ይሆን?

ከስደተኞቹ ውጪ ያለውን ገበያ ሳይመለከቱ ግን የእኛን ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ምክንያቱም በሩ ሲከፈት የምንገባው ወደዚያው ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ ክፍል ቋሚ ውል፣ ጡረታ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለ። በሌላው የጊዜያዊ ውል፣ የኤጀንሲ ሥራ፣ ሚኒ ጆብ አለ። ሚኒ ጆብ በወር ከተወሰነ ገንዘብ የማይበልጥ ክፍያ ያለው ሥራ ነው፤ ጣሪያው በ2025 556 ዩሮ ነበር። ከደሞዝ ብዙ ስለማይቆረጥ ሰው ይወደዋል፣ ብዙ ሀበሻ እናቶችም በዚህ ይሠራሉ። ነገር ግን ለሥራ አጥነት መድን አይከፈልበትም። ኮሮና ሲመጣ ውጤቱ ታየ። በኤፕሪል 2020 ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ኩርዝአርባይት ውስጥ ነበሩ፤ ሥራቸው ቢቀንስም ካጡት የተጣራ ደሞዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ያለው 67 በመቶውን እያገኙ ከአሠሪያቸው ጋር ቆዩ። ብዙ ቤተሰብ የዳነበት ድንቅ ሥርዓት ነው። የሚኒ ጆብ ሠራተኞች ግን መድኑ ውስጥ ስላልነበሩ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ በቃ፣ ተሰናበቱ።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሬዳ-ቪደንብሩክ በምትባል ከተማ አንድ ግዙፍ የሥጋ ማቀነባበሪያ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች በቫይረሱ ተያዙ። አብዛኞቹ ከሩማንያ፣ ከቡልጋሪያና ከፖላንድ የመጡ፣ በንዑስ ተቋራጮች የተቀጠሩ፣ በጠባብ መኖሪያ የታጨቁ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው፤ የመሥራት ሙሉ መብት አላቸው፣ የሚጠብቁት ፈቃድ የለም። ይሁንና ያ መብት ከጠባቡ ክፍልና ከተቋራጩ እጅ አላዳናቸውም። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በእርድና በሥጋ መቁረጥ ሥራ ትልልቅ ድርጅቶች በንዑስ ተቋራጭ ሰው እንዳያሠሩ በሕግ ተከለከለ። ስንት ዓመት ሲጮህበት የኖረ ነገር በወራት ውስጥ ተቀየረ። በዚህ አገር ሕግ ቶሎ መለወጥ እንደሚቻል ያኔ ነው ያየሁት።

ስለ ዝቅተኛ ደሞዝም እንዲሁ። ጀርመን በጃንዋሪ 2015 በሰዓት 8.50 ዩሮ ብላ አገር አቀፍ የደሞዝ ወለል ስትደነግግ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሥራ ይጠፋል ብለው ያስፈራሩ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ነበሩ። የተፈራው አልደረሰም። በኦክቶበር 2022 ወለሉ 12 ዩሮ ደረሰ፣ በ2026 መጀመሪያ 13.90። በጽዳትና በኩሽና ለሚሠሩ ወገኖቼ የዚህ ልዩነት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለት ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው አንዱን ትቶ ማታ ልጁን ትምህርት ያስጠና ጀመር።

ስፔን ደግሞ ሌላ ተስፋ ሰጥታኛለች። በስፔን ከአራት ሠራተኞች አንዱ በጊዜያዊ ውል ይሠራ ነበር፤ ወጣት ከሆነ ከዚያ በላይ። በ2021 መጨረሻ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተስማምተው ጊዜያዊ ውልን የሚገድብ ማሻሻያ አወጡ፤ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ምክር ቤቱ 175 ለ174 በሆነ ድምፅ አጸደቀው፤ ያቺ አንድ ድምፅ ከተቃዋሚው ወገን አንድ አባል በስህተት የሰጠው ነበረች። ከዚያ በኋላ የጊዜያዊ ውል ድርሻ ወረደ፤ ከስድስት ሠራተኞች አንዱ አካባቢ ሆነ። አንዳንዱ የስም ለውጥ ብቻ ነው፤ ወቅት ጠብቀው የሚሠሩ ሰዎች አሁን ቋሚ ተብለው በወቅቱ ብቻ ይጠራሉ የሚል ትችት አለ፣ እውነትነትም አለው። ሆኖም ለሚቀጥለው ወቅት የመጠራት መብት ያለው ሰው ምንም ከሌለው ሰው ጋር እኩል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ኑርንበርግ ያለው የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲው የጥናት ተቋም በ2015 የመጡትን ስደተኞች ሲከታተል ቆይቷል። ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ከመካከላቸው ከ60 በመቶ በላይ ሥራ ይዘዋል፤ ብዙዎች ከጠበቁት የተሻለ ነው። ወንዶቹና ሴቶቹ ተለይተው ሲታዩ ግን የሴቶቹ ድርሻ ከወንዶቹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም። ከኦገስት 2013 ጀምሮ በጀርመን አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የመዋያ ቦታ የማግኘት መብት በሕግ አለው። መብቱ አለ፤ ቦታው የለም። መዋያ ያላገኘች እናት ኩርስ አትገባም፣ ኩርስ ያልገባች ሥራ አታገኝም፣ ሥራ የሌላት ደግሞ በመዋያው ወረፋ ላይ ሥራ ካላት እናት ኋላ ትሰለፋለች። ስለዚህ ትጠብቃለች። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ስድስት ዓመት ኖራም ከሐኪም ጋር ለመነጋገር ልጇን አስተርጓሚ ታደርጋለች። ባሏ በሥራ ቦታው ቋንቋውን ተምሯል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስደተኛ አለ፤ አንዱ ደርሷል፣ አንዷ ገና መንገድ ላይ ናት። ስለ ሥራ ገበያ የሚጽፉ ሰዎች መዋያን የቤተሰብ ጉዳይ እያሉ በሌላ ምዕራፍ ሲያስቀምጡት ይገርመኛል። ለእኔ ከማንኛውም የሥራ ማስታወቂያ ትርዒት የሚበልጠው እሱ ነው።

ዘረኝነቱን አነሣዋለሁ ብዬ ነበር። ዶሪስ ቫይክሰልባውመር የተባሉ ኦስትሪያዊት የኢኮኖሚ ተመራማሪ ጀርመን ውስጥ ወደ 1,500 የሚጠጋ የሥራ ማመልከቻ ልከው ውጤቱን በ2016 አወጡ። ትምህርቱ አንድ፣ ልምዱ አንድ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ሴትም አንድ ነበረች፤ የተለወጠው ስሟና ሻሿ ነው። የጀርመን ስም ስትይዝ ወደ 19 በመቶ የሚሆኑት አሠሪዎች ለቃለ መጠይቅ ጠሯት፤ የቱርክ ስም ስትይዝ 13.5 በመቶ፤ በቱርክ ስም ላይ ሂጃብ ሲጨመር 4.2 በመቶ። ሙስሊም እህቶቻችን ይህን ቁጥር ሳያነቡ ያውቁታል። ከ2006 ጀምሮ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አለ፤ ካሳ መጠየቅ የሚቻለው ግን በሁለት ወር ውስጥ ነው፤ ያውም ያልተጠራሽበትን ምክንያት ማን ይነግርሻል? ቁጥሩን በሌላ መንገድ ብናየው ይህም መጠበቅ ነው፦ አንዷ አምስት ማመልከቻ ልካ የምታገኘውን ቃለ መጠይቅ ሌላዋ ሃያ አራት ልካ ታገኘዋለች። ሃያ አራት ማመልከቻ ስንት ወር ነው?

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደሞዝ ግልጽነት መመሪያ አሠሪ ከቃለ መጠይቅ በፊት የደሞዙን መጠን እንዲያሳውቅና የቀድሞ ደሞዝን እንዳይጠይቅ ያዛል፤ አገሮች በሕጋቸው እንዲያስገቡት የተሰጣቸው ቀን ጁን 7፣ 2026 ነው። ለእኛ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀድሞ ደሞዝ ስንጠየቅ የረዳትነቱን ደሞዝ ተናግረን ለሙያችን በዚያ ላይ ትንሽ ተጨምሮ የተቀጠርን ብዙ ነን።

እንግዲህ ሕጉ እስኪስተካከል በእጃችን ያለውን ደግሞ እናድርግ። አገር ቤት ሆናችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፦ ከመውጣታችሁ በፊት ከተማራችሁበት ተቋም እያንዳንዱ ኮርስ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ልምምዱ የት ክፍል ስንት ሰዓት እንደነበር የሚዘረዝር ደብዳቤ በማኅተም አውጡ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። የሠራችሁበት ሆስፒታልም የልምድ ደብዳቤ ይስጣችሁ፤ የሥራውን ዓይነት ዘርዝሮ፣ በሙሉ ሰዓት መሆኑን ጠቅሶ። የዕውቅና ማመልከቻውን ከአገር ቤት ሆኖ ማስገባት ይቻላል፤ እዚህ እስክትደርሱ አትጠብቁ። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ወረቀታችሁ የጠፋ የእጅ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ በምትኖሩበት ከተማ ያለውን የዕደ ጥበብ ሙያዎች ምክር ቤት ሄዳችሁ ችሎታችሁ በተግባር እንዲታይላችሁ ጠይቁ። «አናውቀውም» ብለው ከመለሷችሁ በዕውቅና ሕጉ አንቀጽ 14 ያለ መብት መሆኑን ንገሯቸው፤ ካስፈለገ እኔም አብሬ እመጣለሁ።